ፒካፕ ላይ ትልቅ ጎማ ስታስገቡ ዲፈረንሻሉ ስንት ቁጥር ይሁን? ከጎማ ልክ እስከ ዘይት ቅየራ

ትልቅ ጎማ ያምራል፣ ማንም አይክደውም። ግን ካስገባ በኋላ "መኪናው ደከመብኝ፣ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ነዳጅ ጠጣ" ሚለው ሰው ብዛቱ፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ያለኝ የ2017 ቶዮታ ታኮማ ነው፣ 3.5 ሊትር ቪ6፣ አውቶማቲክ፣ ምኖረው ኦሮራ ኮሎራዶ። ከፋብሪካ የመጣውን 265/70/16 አውልቄ 285/70/17 ከነቸርኬው አስገባሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ጓደኞቼ ሁሉ እየዞሩ አዩልኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቤተሰብ ጭኜ በአይ 70 ሃይዌይ ወደ ተራራው ስወጣ ግን ካምቢዮው ከ6 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5፣ ተመልሶ ወደ 3፣ ዝም ብሎ ይቀያይራል፣ ሚስቴ "ምንድነው እንዲ ሚያስጨንቀው?" እስክትል ድረስ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ከሻፍቱ ተቀብሎ ለጎማዎቹ ሚያከፋፍለው ክፍል) ግን ለድሮው ጎማ እንደተሠራ ነው ያለው።

እዚህ ምጽፈው ያን ጊዜ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ያልኩትን ነው። ምሳሌው በኔ መኪና ነው፣ ሂሳቡ ግን ለሃይሉክስም ለላንድክሩዘርም ለኤፍ 150ም ያው ነው፣ ቁጥሩን በራሳችሁ ቀይሩት።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባን

ዲፈረንሻል ውስጥ ሁለት ዋና ጥርሶች አሉ። ትንሹ ፒኞን ነው፣ ትልቁ ክብ ደግሞ አገር ቤት ጋራዥ ኮሮና ሚሉት (ከበሽታው በፊት የነበረ ስም ነው፣ ከጣልያን የቀረ)። የኔ ኮሮና 43 ጥርስ አለው፣ ፒኞኑ 11፣ 43 ለ11 ሲካፈል 3.91 ይመጣል፣ ሬሾ ሚባለው ይሄ ነው። ማለት ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅሙ ሻፍት 3.91 ጊዜ ይዞራል። ይሄ ቁጥር ሲጨምር ማርሹ ከባድ ይሆናል፣ ከባድ ማርሽ ስንል ማለቴ ነው፣ ጉልበት ያለው፣ ዳገት ሚያወጣው። ሲቀንስ ደግሞ ቀላል ይሆናል፣ ለሜዳ ለጥ ባለ አስፋልት።

ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር ሚሄደው ርቀት ይረዝማል፣ ስለዚህ ሳትነኩት ማርሹን ሁሉ አቀለላችሁት ማለት ነው፣ ዳገት ላይ ሁልጊዜ በሁለተኛ ማርሽ እንደመነሳት አስቡት። የኔ 3.91 በትልቁ ጎማ 3.66 እንደሆነ ነው ሚቆጠረው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ከኦሮራ ተነስታችሁ 3,400 ሜትር ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ቶነል ስትወጡ ግን ትንሽ አይደለም።

1. አሁን ያላችሁን ቁጥር እወቁ

ገምታችሁ አትጀምሩ። "ታኮማ ከሆነ 3.91 ነው" ብሎ ሚነግራችሁ ሰው ግማሽ እውነቱን ነው ያለው፣ የዚህ ትውልድ (ከ2016 እስከ 2023) ቪ6 አውቶማቲኩ 3.91 ነው፣ ማንዋሉ ግን 4.30 ነው። ያገለገለ መኪና ከሆነ ደግሞ ከናንተ በፊት የነበረው ሰው ምን እንደነካካ አታውቁም። የሾፌር በር ስትከፍቱ ፍሬሙ ላይ ያለው ስቲከር ላይ ኤ/ቲኤም (A/TM) ከሚለው አጠገብ አጭር ኮድ አለ፣ ያ ኮድ የአክስሉ ነው፣ ቶዮታ መለዋወጫ መሸጫ ብትሰጧቸው ቁጥሩን ይነግሯችኋል።

ስቲከሩን ካላመናችሁት በእጅ መቁጠር ይቻላል፣ እኔ እንደዛ ነው ያደረኩት። ሜዳ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በደንብ ታኮ አድርጉ፣ የኋላውን በክሪክ አንሱና በስታንድ አስቀምጡት። በክሪክ ብቻ ቆሞ ስር እንዳትገቡ፣ ይሄን ደግሜ አልናገርም። ሞተር ጠፍቶ፣ ካምቢዮ ኒውትራል፣ አራት በአራቱ ወደ ሁለት ጎማ ተመልሶ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ (ኋላ ጎማ ላይ ስለሆነ ሚይዘው አለዚያ አይዞርላችሁም)። ፍሬን ስለሌለው ነው ታኮው ላይ ያስጨነቅኳችሁ። ከዛ ሻፍቱ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር፣ ጎማው ላይ አንድ መስመር። ሁለቱም የኋላ ጎማ አየር ላይ ከሆኑና ሁለት ሰው እኩል አንድ ዙር ካዞራቸው ሻፍቱ የዞረው ቁጥር ሬሾው ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ከተነሳ፣ ሎከር (ሁለቱን ጎማ እኩል እንዲዞሩ ሚያስረው) ካልገባ፣ የተነሳውን ሁለት ዙር ነው ማዞር ያለባችሁ፣ ምክንያቱም ዲፈረንሻሉ የሁለቱን ጎማ አማካይ ነው ሚወስደው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳትና "ሬሾዬ 1.95 ነው" ብሎ ይደነግጣል።

እኔ ጎማውን ሳዞር የእህቴ ልጅ በሆዱ ተኝቶ ሻፍቱን እያየ ይቆጥርልኝ ነበር። "አንድ... ሁለት... ሦስት... አራ..." አለና ቀጥ አለ። "አራት አልሞላም አጎቴ፣ ትንሽ ቀርቶታል።" ጠመኔው ከላይ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆሟል። በቃ፣ 3.91 ማለት ያቺ ናት።

2. ጎማውን ለኩ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ

265/70/16 ማለት ስፋቱ 265 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች። ቁመቱን ለማግኘት 265 ሲባዛ በ0.70 ሲባዛ በ2 371 ይሆናል፣ 16 ኢንች 406 ሚሊሜትር ነው፣ ድምሩ 777 ሚሊሜትር፣ 30.6 ኢንች መሆኑ ነው። አዲሱ 285/70/17 በዚሁ ሂሳብ 831 ሚሊሜትር፣ 32.7 ኢንች ይመጣል። ሰው "33" ይለዋል እንጂ 33 አይሞላም። 35 ሚባለው 315/70/17ም እንደዛው 34.4 ነው።

ከዛ ደግሞ መኪናው ሲጫንበት ጎማው ስሩ ጠፍጠፍ ይላል፣ ስለዚህ በትክክል ሚሄደው ከወረቀቱ ያንሳል። ንፋሱን በምትነዱበት ልክ ሙሉት፣ ጎማው መሬት በነካበት ቦታ ጠመኔ አድርጉ፣ መሬቱም ላይ ምልክት አድርጉ፣ መኪናውን ቀስ ብላችሁ ቀጥታ አንድ ዙር አስኪዱትና በሜትር ለኩ። የኔ የድሮው 2.37 ሜትር ነበር፣ አዲሱ 2.53 ሆነ። 2.53 ለ2.37 ሲካፈል 1.07፣ ጎማው 7 በመቶ አድጓል። የድሮውን ጎማ ከመሸጣችሁ በፊት ለኩት፣ እኔ እድለኛ ሆኜ ጋራዥ ውስጥ ነበር።

እዚሁ ላይ ስለ ፍጥነት መቁጠሪያውም ልበላችሁ። ዳሽቦርዱ 65 ማይል ሲል እኔ 69 ወይ 70 እየነዳሁ ነው፣ ጂፒኤስ አብርታችሁ አወዳድሩት፣ ቲኬት ከመጣ በኋላ "ጎማዬ ትልቅ ነው" ብትሉ ሚሰማ ፖሊስ የለም። የኔ ታኮማ ፍጥነቱን ሚያነበው ከጎማዎቹ የኤቢኤስ ሴንሰር ስለሆነ ዲፈረንሻል ብትቀይሩም ባትቀይሩም ስህተቱ ያው ነው፣ ሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ አለ ወይም እንደኔ በጭንቅላት ማስላት ነው። መቁጠሪያው ከካምቢዮ በኬብል ሚነዳበት አሮጌ ሃይሉክስ ወይ ላንድክሩዘር ላይ ግን ሬሾውን ስታስተካክሉ ቆጣሪውም አብሮ ይስተካከላል።

ነዳጅ ጠጣብኝ ሚለው ክስም ግማሹ ከዚሁ ነው ሚመጣው። ኪሎሜትሩም በ7 በመቶ አሳንሶ ነው ሚቆጥረው። እኔ በ18 ጋሎን 300 ማይል ሄድኩ ብዬ 16.7 ሲወጣ ተናድጄ ነበር፣ እውነተኛው ርቀት ግን 321 ነው፣ ሲካፈል 17.8። አሁንም ከድሮው ይብሳል፣ ግን ለቅሶ ሚያስቀምጥ አይደለም።

3. ወደ ድሮው ሚመልሰውን ቁጥር አስሉ፣ ግን እሱን ለመግዛት አትሩጡ

ሂሳቡ አንድ መስመር ናት፣ የድሮው ሬሾ ሲባዛ በአዲሱ ጎማ ሲካፈል ለድሮው ጎማ። 3.91 ሲባዛ በ1.07፣ 4.18። ማለት 4.18 ሚባል ዲፈረንሻል ቢኖር መኪናው ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆን ነበር። 4.18 ገበያ ላይ የለም፣ ከሱ በላይ ቅርቡ 4.30 ነው፣ ከዛ 4.56፣ 4.88፣ 5.29 እያለ ይሄዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፣ እኔም 4.30 ላዝ ነበር፣ የማንዋሉ የፋብሪካ ዕቃ ስለሆነ ይረክሳል ብዬ። ያዳነኝ እዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት አዲሳባ ጋራዥ ስንት ዓመት የሠራ ጋሼ ምንለው ሜካኒክ ነው። "ልጄ፣ ለመመለስ ብቻ ነው ሦስት ሺ ዶላር ምታወጣው? ድሮስ ደህና ነበር እንዴ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሄ ሞተር ከ3.91 ጋር በአነስተኛው ጎማም ቢሆን ካምቢዮው ዳገት ላይ ይቀያይር ነበር፣ ሁሉም ባለታኮማ ያውቀዋል። ደግሞ ሂሳቡ ቁመትን ብቻ ነው ሚያውቀው፣ ክብደትን አያውቅም። ጎማዎቹን የቤት ሚዛን ላይ አውጥቼ አየኋቸው፣ የድሮው 18 ኪሎ ገደማ ነበር፣ አዲሱ 25 ገደማ፣ አራት ሲሆን አስቡት፣ እሱም ሚሽከረከር ክብደት ነው፣ በተነሳችሁ ቁጥር ሞተሩ ያንን ማሽከርከር አለበት። ከላዩ የጣራ ፖርቶ መጋላ ሲጨመር፣ መኪናው ሲነሳ፣ ነፋሱ ሲጨምር፣ ያ ሁሉ 4.18 ውስጥ የለም።

ስለዚህ ያ ቁጥር ወለል ነው፣ ከሱ በታች አትውረዱ፣ መድረሻው ግን ሌላ ቦታ ነው።

4. የራሳችሁን መንገድ ይዛችሁ አርፒኤሙን (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) አስሉ

ይሄ ነው ዋናው፣ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። ሁለት መንገድ ምረጡ፣ አንዱ በብዛት ምትሄዱበት ሜዳ፣ ሁለተኛው ሚያስለቅሳችሁ ዳገት። ፍጥነት በኪሎሜትር በሰዓት ሲባዛ በ1000 ሲካፈል ለ60፣ ጎማው በደቂቃ ሚሄደው ሜትር ይወጣል። ያንን በአንድ ዙር ርዝመት (የኔ 2.53) አካፍሉት፣ ከዛ በካምቢዮው ማርሽ ሬሾ አባዙት፣ ከዛ በዲፈረንሻሉ። የካምቢዮውን ቁጥሮች የመኪናው ስፔስፊኬሽን ላይ ታገኛላችሁ፣ የኔ 3.60፣ 2.09፣ 1.49፣ 1.00፣ 0.69፣ 0.58 ነው። እዩት፣ 5 እና 6 ሁለቱም በጣም ቀላል ናቸው፣ 6ኛው 0.58፣ ቶዮታ ለነዳጅ ብሎ ነው ያደረገው፣ ችግሩም ከዛ ነው ሚጀምረው።

ለኔ ሲሰላ እንዲህ ሆነ። ሜዳ ላይ 65 ማይል፣ 105 ኪሎሜትር በሉት፣ በ6ኛ ማርሽ። በድሮው ጎማ 1,675 አርፒኤም ነበር። ትልቁን ጎማ አስገብቼ ምንም ሳልነካ 1,570 ወረደ። በ4.30 ቢሆን 1,725፣ በ4.56 1,830፣ በ4.88 1,960፣ በ5.29 2,120። የዚህ ሞተር ከፍተኛ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ሚገኘው 4,600 አርፒኤም ላይ ነው፣ እንግዲህ 1,570 ላይ ምን ጉልበት አለው? ንፋስ በመጣ ቁጥር 6ን ይለቃል። 120 ኪሎሜትር ላይ ደግሞ 4.88 2,240 ገደማ ይሰጣል፣ 5.29 2,425። ሁለቱም ለቪ6 ቤንዚን ሞተር ምንም አይደሉም፣ ጩኸት ይበዛል ብላችሁ አትፍሩ፣ እኔ ፈርቼ ነበር፣ አሁን ሬድዮ ተከፍቶ አልሰማውም፣ እውነቱን ለመናገር ከሞተሩ ይልቅ ሚጮኸው የጎማው ጥርስ ነው።

ዳገቱ ላይ 55 ማይል፣ 88 ኪሎሜትር ልበል፣ በ4ኛ ማርሽ። ትልቁ ጎማ ከ3.91 ጋር 2,270 አካባቢ ነው፣ እዛ ከፍታ ላይ አይይዝም፣ ወደ 3 ይወርዳል፣ 3 ላይ 3,400 ሲሆን ኮምፒውተሩ በዛ ይልና ወደ 4 ይመልሳል፣ መልሶ ይደክማል፣ ያቺ ናት መቀያየሯ። በ4.88 4ኛው 2,830 ይሆናል። አሁን አብዛኛውን ዳገት በ4 ይዞ ይወጣል፣ የዳገቱ ተዳፋት 7 በመቶ ሚሆነው ቦታ ላይ ሲጠና ብቻ አንዴ ወደ 3 ወርዶ እዛው ይቆያል። የካምቢዮ ዘይቱም በፊት ወደ ቶነሉ ስደርስ 225 ፋራናይት ይገባ ነበር፣ አሁን በዛው ጭነት ከዛ በታች ነው ማየው።

5. ከዛ እንደኑሯችሁ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ

ከፍታ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ኦሮራ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ቶነሉ ጋ ስትደርሱ ሲሶው የለም ማለት ነው። ሂውስተን ያለ ወንድማችን ይሄንኑ መኪና ይዞ 4.56 በቂው ነው፣ እኛ ተራራ ላይ ያለነው አንድ ደረጃ ከፍ እንላለን። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ሂሳቡ ለናንተ ይበልጥ ነው ሚሠራው፣ አዲሳባ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ እንጦጦ ከ3,000 በላይ ነው፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ፒካፕ ደግሞ ቱርቦ የለውም። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሃይሉክስ ግን ከታች ጀምሮ ጉልበት ስላለው በጣም ከፍ ያለ ቁጥር አይፈልግም፣ ቶሎ ማርሽ ያልቅበታል፣ ሜዳ ላይ ይጮሃል።

ጭነት። ተጎታች ምትጎትቱ፣ አልጋው ላይ ሁልጊዜ ዕቃ ያለ ከሆነ ከምታመነቱባቸው ሁለት ቁጥሮች ከፍተኛውን ውሰዱ። ብቻውን ለሥራ መመላለሻ ከሆነ ዝቅተኛውን።

ካምቢዮ። 8 ወይም 10 ማርሽ ያላቸው አዳዲስ ፒካፖች መሀሉን ስለሚሞሉት ትንሽ የጎማ ጭማሪ አይሰማቸውም። 4 እና 5 ማርሽ ያለው አሮጌ አውቶማቲክ ቶሎ ይሰማዋል። ማንዋል ሚነዳ ሰው ራሱ ማርሽ ስለሚመርጥ ትንሽ ይታገሳል፣ ፍሪሲዮኑ ግን ስትነሱ ዋጋውን ይከፍላል።

ድንጋይ። ቀስ ብላችሁ ምትወጡበት መንገድ ካለ ሎው ላይ ያለውን አስሉ፣ አንደኛ ማርሽ ሲባዛ በትራንስፈሩ (አራት በአራቱን ሚያስገባው ክፍል) ሎው ሲባዛ በዲፈረንሻሉ። የኔ 3.60 በ2.57 በ3.91፣ 36 ነበር፣ በ4.88 45 ሆነ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳልነካ ይዞኝ ሲወርድ ነው ልዩነቱ የገባኝ።

ምን ያህል ጎማ ሲያድግ ነው ሚያስፈልገው ለምትሉኝ፣ እስከ 5 በመቶ ተዉት፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ 265/75/16 አስገብቶ ዲፈረንሻል ሚቀይር ሰው አይቼ አዝኛለሁ። ከ5 እስከ 10 ባለው ከላይ ያሉት ነገሮች ይወስናሉ። ከ10 ካለፈ፣ 35 ምናምን ካሰባችሁ፣ የጎማው ዋጋ ላይ የዲፈረንሻሉን ደምራችሁ ነው መነሳት ያለባችሁ። 35 በታኮማ ላይ ሂሳቡ 4.39 ይላል፣ በተግባር ግን 5.29 ነው ብዙው ሰው ሚያስገባው።

ለምን ታዲያ ሁሉም 5.29 አያስገባም ካላችሁ፣ ጥርሱን ቁጠሩ። 4.56 ብዙ ጊዜ 41 ለ9 ነው፣ 4.88 39 ለ8፣ 5.29 37 ለ7። ኮሮናው የቤቱን ልክ አያልፍም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ለማሳደግ ፒኞኑ ነው እያነሰ ሚሄደው፣ 7 ጥርስ ያላት ትንሽ ፒኞን ደግሞ ጉልበት ሲበዛባት ቀድማ ነው ምትሄደው። ሚበቃችሁን ያህል ብቻ ውሰዱ። እኔ 4.88 ላይ ቆምኩ፣ አልጸጸተኝም።

አንድ ነገር ግን፣ ፍሬን። ትልቅ ጎማ ፍሬናችሁንም አድክሞታል፣ ዲፈረንሻል ያንን አይመልስላችሁም። ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ።

6. ዕቃ ስታዙ

የፊቱና የኋላው አንድ ቁጥር መሆን አለበት፣ ይሄ ድርድር የለውም። የኋላውን ብቻ ቀይራችሁ አራት በአራት ብታስገቡ የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት ሊዞር ይፈልጋል፣ አስፋልት ላይ ትራንስፈሩን ወይ ሻፍቱን ትሰብሩታላችሁ። "አራት በአራት አልጠቀምም" ብሎ የኋላውን ብቻ ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ፣ በረዶ የመጣ ቀን መኪናው ቤት ነው የዋለው።

ሻጩ ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ንገሩት፣ ዓመተ ምህረቱን፣ አውቶማቲክ ወይ ማንዋል መሆኑን፣ የኋላው ሎከር ያለው ወይም የሌለው መሆኑን። የኔ ትውልድ ታኮማ የፊቱ 8 ኢንች ነው የኋላው 8.75፣ ከ2016 በፊት ያለው የኋላ አይገባለትም፣ ሎከር ያለውና የሌለውም ዕቃው አይመሳሰልም። ኮሮናና ፒኞኑ አብረው ከፋብሪካ ተፋጭተው ነው ሚመጡት፣ አንዱን ከአንድ ሌላውን ከሌላ አታጋቡ። ኩሽኔታ፣ ኦይል ሲል፣ ሺም (የጥርሶቹን ቦታ ማስተካከያ ስስ ብረት) ያለበትን ሙሉ ኪት አብራችሁ ግዙ፣ አሮጌ ኩሽኔታ መልሶ መግጠም ሁለት መቶ ብር ቆጥቦ ሁለት ሺ ማውጣት ነው። ሎከር ምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አሁን ነው ሰዓቱ፣ ተፈትቶ እያለ፣ የእጅ ዋጋው ያው ነው።

አገር ቤት ከሱማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ምትገዙ፣ ሻጩ "የፊትና የኋላ አንድ ነው" ቢላችሁም እዛው ቆማችሁ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ኮሮናውን ለፒኞኑ አካፍሉ፣ ለሁለቱም። ከተለያየ መኪና የተፈታ ሊሆን ይችላል። አምስት ደቂቃ ነው ሚፈጀው።

7. ገጣሚው

ይሄን ሥራ ራሴ አልሠራሁትም፣ እናንተም የመጀመሪያችሁ ከሆነ አትሞክሩት። ሚሊሜትር በመቶ ተከፍሎ ሚለካበት ሥራ ነው። እዚህ ለሁለቱም ዲፈረንሻል ዕቃና እጅ ጨምሮ ከ2,500 እስከ 3,500 ዶላር ነው የጠሩልኝ፣ እኔ በጣም የረከሰው ጋ ሄድኩና ቅጣቴን አገኘሁ። መኪናውን ተረከብኩ፣ ከ45 ማይል በላይ ሆኜ ነዳጅ ስለቅ ከኋላ ኡኡኡ የሚል ቀጭን ድምጽ፣ ስሰጠው ይጠፋል ስለቅ ይመጣል። "ይላመዳል" አሉኝ። አይላመድም፣ ዲፈረንሻል እንደ ጫማ አይደለም።

ጋሼ ጋ ወሰድኩት። ዲፈረንሻሉን ከቤቱ ፈትቶ አወጣው፣ ዘይቱን ጠረገ፣ በትንሽ ብሩሽ የኮሮናውን ጥርሶች ቢጫ ቀለም ቀባ፣ ከዛ በጨርቅ ጭኖ እየያዘ ወዲህና ወዲያ አዞረው። ባትሪ አበራና "ና እይ" አለኝ። ቢጫው ላይ ፒኞኑ የነካበት ቦታ ተጠርጎ የብረቱ ቀለም ይታያል፣ መሀል መሆን የነበረበት ጥርሱ ጫፍ ላይ እንደ ቀጭን ቅንድብ ተሰብስቧል። ጫፉ ጋ ሲሆን ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል ማለት ነው፣ ወደ ስሩ ሲወርድ ደግሞ በጣም ገብቷል። ሺም ቀይሮ፣ ገጥሞ፣ ቀብቶ፣ ፈቶ፣ ሦስቴ ደጋገመው፣ ሦስተኛው ላይ ሞላላው መሀል መጣ።

ስለዚህ ለገጣሚው ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፣ "ቀለም ቀብተህ የጥርሱን አሻራ ፎቶ አንስተህ ትሰጠኛለህ?" እና "በጥርሶቹ መሀል ያለውን ክፍተት ስንት ላይ ነው ምታስቀምጠው?" ኪቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ሚፈቀደውን ክፍተት ይነግራል፣ ብዙ ጊዜ ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱንም ሳያቅማማ ሚመልስ ሰው ጋ ስጡ። ከተናደደ ውጡ።

8. የመጀመሪያዎቹ 500 ማይሎች

አዲስ ጥርስ ሲፋጭ በጣም ይሞቃል፣ ቶሎ ከጋለ ብረቱ ይለሰልስና ያልቃል። የመጀመሪያ ቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ በቀስታ ንዱና አቁሙት፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ያንን ሁለት ሦስቴ ድገሙት። ከዛ እስከ 500 ማይል፣ 800 ኪሎሜትር፣ ተጎታች የለም፣ ረገጥ ማድረግ የለም፣ ረጅም ሃይዌይ በአንድ ፍጥነት የለም። እኔ ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ በዛው ሞላ። ዘይቱን ኪቱን የሠራው ድርጅት የሚለውን ዓይነት አድርጉ፣ ብዙዎቹ ለመላመጃው ሲንተቲክ ያልሆነውን ነው ሚመክሩት።

500 ሲሞላ የሁለቱንም ዘይት አፍስሱ፣ ንጹህ ባልዲ ላይ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው ላዩ ላይ ጥቁር ግራጫ ሊጥ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፣ በጣት ስታሹት እንደ ቅባት ከላመ ጤነኛ ነው፣ ጥርሶቹ ሲተዋወቁ የወጣ ዱቄት ነው፣ ጠርጋችሁ አዲስ ዘይት ሙሉ። ጣታችሁን ሚቧጭር፣ በዓይን ሚለይ ቅንጣቢ ካለበት ግን ዘይት ሞልታችሁ እንዳትነሱ፣ ማግኔቱን እንዳለ ፎቶ አንሱት፣ የፈሰሰውን ዘይት አትድፉ፣ ገጣሚው ጋ ደውሉና በተጎታች ይምጣና ይውሰደው።